የልደት ቀኔ ሊያስከለክለኝ የነበረው ቪዛ

ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ በቅርቡ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ደስ ብሏታል። «አንቺ የሄድሽበትን ቪዛ እኔም ላወጣ ነው» አለችኝ። አንድ ደላላ አግኝታለች። የአውስትራሊያን ወርኪንግ ሆሊዴይ ቪዛ በሦስት ወር አወጣልሻለሁ ብሏታል። 9,000 ድርሃም ነው የጠየቃት። ግማሹን በማግሥቱ ልትሰጠው ተቀጣጥረዋል።

«በየትኛው ፓስፖርት?» አልኳት።

«በኢትዮጵያው ነዋ። ግን የዱባይ መኖሪያ ፈቃድ አለኝ እኮ።»

የዚያን ቀን ስልኩን ሳንዘጋ ሁለት ሰዓት አወራን። የነገርኳትን ሁሉ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እኔም ያን ያህል ባልተጨነቅኩ ነበር። ስለዚህ ጻፍኩት።

መጀመሪያ ዋናው ነገር። ይህ ቪዛ የሚሰጠው በፓስፖርት ነው። የት እንደምትኖሩ፣ ምን ዓይነት መኖሪያ ፈቃድ እንደያዛችሁ፣ ስንት ዓመት እንደቆያችሁ አይታይም። አውስትራሊያ ሁለት ዓይነት አላት። አንደኛው 417 ይባላል፤ ስዊድን፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ ጀርመን፣ ጣሊያን፣ ኖርዌይ፣ ሆላንድና ሌሎችም ያሉበት ነው። ሌላኛው 462 ነው፤ የአሜሪካና የእስራኤል ፓስፖርት የያዙ የሚገቡት በዚህ ነው። ሁለቱም ለአንድ ዓመት እየተዝናኑ፣ እግረ መንገድንም እየሠሩ ለመቆየት ነው። በሁለቱም ዝርዝር ውስጥ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የለም። ከአፍሪካ አንድም አገር የለም። ዱባይ ሆነ ሪያድ፣ ቤይሩት ሆነ አዲስ አበባ፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ይህን ቪዛ አወጣለሁ የሚል ደላላ ገንዘባችሁን እየወሰደ ነው። ሌላ ስም የለውም። የአክስቴ ልጅ ስትሰማ ዝም አለች። ቆይታ «እንዴት ያሳዝናል፤ ሁለት ጓደኞቼ ከፍለዋል» አለችኝ። ያ ነው እስካሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ።

እኔ ማመልከት የቻልኩት የስዊድን ፓስፖርት ስላለኝ ነው። ስዊድን የገባሁት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2015፣ 18 ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ወር ሲቀረኝ፣ ከእናቴ ጋር ለመቀላቀል ነው። ዜግነት ያገኘሁት በ2021 ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ በሌላ አገር ፓስፖርት ለሚያመለክት ሰው ፎርሙ አብረውኝ ከሚሠሩት ስዊድናውያን የተለየ ፎርም ይመስላል። እነሱ በአንድ ምሽት ሞልተው በሁለት ቀን ቪዛቸው መጣላቸው። የእኔ ሦስት ወር ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው።

ያመለከትኩት በመጋቢት 2024 ነው። ያኔ 26 ዓመቴ ነበር። የዕድሜው ገደብ ለስዊድናውያን ከ18 እስከ 30 ነው። ለእንግሊዝ፣ ለካናዳ፣ ለፈረንሳይ፣ ለጣሊያን፣ ለአየርላንድና ለዴንማርክ ዜጎች እስከ 35 ድረስ ነው። ልጅ ይዞ መሄድ አይቻልም። የመጀመሪያውን ቪዛ ስታመለክቱም ሲሰጣችሁም ከአውስትራሊያ ውጭ መሆን አለባችሁ። ማመልከቻው የሚገባው በራሱ በአውስትራሊያ መንግሥት ድረ ገጽ፣ ኢሚ አካውንት በሚባለው ነው። ራሳችሁ አካውንት ከፍታችሁ ራሳችሁ ትሞላላችሁ። ክፍያው ያኔ 635 የአውስትራሊያ ዶላር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጨምሯል። በየዓመቱ ጁላይ መጀመሪያ ላይ ስለሚያስተካክሉት በጁን የምታስቡት ሰዎች ብትፈጥኑ ይሻላል።

ገንዘብም ማሳየት አለ። 5,000 የአውስትራሊያ ዶላር አካባቢ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ መመለሻ ትኬት ወይም የትኬቱ ብር። እኔ ብሩን ያገኘሁት ከዕቁብ ነው። ስቶክሆልም ውስጥ አሥራ ሁለት ሆነን የምንጥለው ዕቁብ አለን። ዕጣዬ ስድስተኛ ነበር፤ ሁለተኛ የወጣላትን ልጅ ለምኜ ተቀያየርን። ለምን? አንድ ቀን ድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ «ይህ ከየት መጣ?» ያስብላል ብዬ ስለፈራሁ ነው። ገንዘቡ ባንክ ውስጥ አራት ወር ቆይቶ ሳለ አመለከትኩ። ባንኩ በእንግሊዝኛ የጻፈውን መግለጫ አያያዝኩ። ስለ ገንዘቡ የጠየቀኝ የለም።

የጠየቁኝ ስለ ስሜና ስለ ልደቴ ነው።

ከስሙ ልጀምር። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። የድሮው የኢትዮጵያ ፓስፖርቴ የእኔንና የአባቴን ስም አንድ መስመር ላይ፣ የአያቴን ለብቻው አድርጎ ይዟል። ስዊድን ስገባ የአያቴ ስም የቤተሰብ ስም ሆነ። አያቴ ተስፋዬ ነው። በስዊድኑ መዝገብ መጨረሻ ላይ ያለችው አንድ ፊደል ቀርታ «ተስፋይ» ተባለ። የአባቴ ስም ደግሞ ከአዲሱ ፓስፖርት ላይ ጠፋ። ስለዚህ አንዲት እኔ በወረቀት ላይ ሦስት ሴት ሆኛለሁ።

ፎርሙ «በሌላ ስም ታውቀሽ ታውቂያለሽ?» ይላል። ብዙ ጓደኞቼ እዚህ ላይ «የለም» ብለው ያልፋሉ፤ ምክንያቱም ስማቸውን የቀየሩ አይመስላቸውም። እኔ «አዎ» አልኩ። ሦስቱንም አጻጻፍ፣ የቷ ከየትኛው ወረቀት ላይ እንዳለች ጽፌ አስገባሁ። «የሌላ አገር ዜጋ ነበርሽ ወይ?» ለሚለውም «አዎ፣ የኢትዮጵያ፣ እስከ 2021» አልኩ። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ የስዊድኑን ስወስድ የኢትዮጵያው ቀርቷል። ያለኝ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለው ነው፤ እሱ ፓስፖርት አይደለም፣ ዜግነትም አይደለም።

ሌላ ጥያቄ አለ። ባለፉት አምስት ዓመታት ከፓስፖርትሽ አገር ውጭ በተከታታይ ከሦስት ወር በላይ ቆይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አያቴን ላስታምም አዲስ አበባ አራት ወር ቆይቼ ነበር። አንዲት የምወዳት ጓደኛዬ አጠገቤ ተቀምጣ ቡና እያፈላች «አይ በይ! ማን ያውቅብሻል? ራጅ ያስነሱሻል፣ ገንዘብ ያስወጡሻል» አለችኝ። ለእኔ አዝና ነው። ግን ፓስፖርቴ ላይ የቦሌ ማህተም አለ። ሐሰት ጽፎ መገኘት ደግሞ ማመልከቻውን ውድቅ ከማድረግ አልፎ ለሦስት ዓመት ሌላ ቪዛ ሊያስከለክል ይችላል። ከዚያ በላይ ደግሞ አያቴን ሳስታምም የኖርኩትን አራት ወር መካድ ከበደኝ። «አዎ» ብዬ ቀኑን ጻፍኩ።

ከፍዬ እንደላክሁት የጤና ምርመራ ትእዛዝ መጣ። ሃፕ አይዲ የሚባል ቁጥር ያለበት ወረቀት ነው። በዚያ ቁጥር እነሱ ወደፈቀዱት ሐኪም ብቻ ነው የሚኬደው፤ የሰፈር ጤና ጣቢያ የሰጠውን ራጅ አይቀበሉም። ምርመራው የደረት ራጅ ነበር፤ ለሳንባ ነቀርሳ ነው። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ውጤቱን ሐኪሙ ራሱ በኮምፒውተር ይልካል። ጓደኛዬ እንዳለችው ገንዘብ አስወጥቶኛል። በዚህ በኩል ግን ከዚያ በኋላ ያስቸገረኝ ነገር የለም።

ሁለተኛው ደብዳቤ የመጣው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እነሱ ጋ ቀን ነው። ስልኬ ትራስ አጠገብ ቦግ አለ። በጨለማው ውስጥ ተነስቼ አነበብኩት። ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ከስዊድንና ከኢትዮጵያ ከወንጀል ነፃ መሆኔን የሚያሳይ ማስረጃ። ሁለተኛ፣ «ያያያዝሽው የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ያለው ቀን ከፓስፖርትሽ ጋር አይገናኝም፤ አስረጂ።» ለመልሱ 28 ቀን ተሰጥቶኛል።

የልደት ወረቀቱን ያያያዝኩት ማንም ሳይጠይቀኝ ነው። ስሞቹ የአንድ ሰው መሆናቸውን ያሳይልኛል ብዬ ነው። የድሮ የቀበሌ ወረቀት ነው። አዲስ አበባ አንድ የትርጉም ቤት ተርጉሞልኝ፣ ማህተሙን አይቼ፣ ሳላነበው ስካን አድርጌ ጫንኩት። በሌሊት ከፍቼ አየሁት። የልደት ቀን፦ 12/02/1990።

እኔ የተወለድኩት ጥቅምት 12 ቀን 1990 ዓ.ም. ነው። ይህ በፈረንጅ ኦክቶበር 22 ቀን 1997 ነው፤ ፓስፖርቴም ላይ ያለው እሱ ነው። ተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ገልብጦ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» የምትለውን ቃል ሳይጽፍ አለፈ። ሜልቦርን ወይም ሌላ ቦታ ሆኖ ለሚያነበው ሰው ይህ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1990 ነው። በዚያ ሂሳብ 34 ዓመቴ ነው። የዕድሜ ገደቡ 30 ነው።

እስኪነጋ አልተኛሁም። ሰዎቹ የሚያስቡትን እያሰብኩ ነበር፤ ዕድሜዋን ቀንሳ ፓስፖርት ያወጣች ሴት።

ሲነጋ እናቴ ጋ ሄድኩ። እማዬ ደብዳቤውን አስተረጎመችኝና «ታዲያ መስከረም ቢሆን፣ ጥቅምት ቢሆን፣ የወለድኩሽ እኔ ነኝ፤ እኔ ልጻፍላቸው» አለች። በኋላ የእሷም ፊርማ ጠቅሞኛል፤ ያደረግነውን ልንገራችሁ።

አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። አላለቀስኩበትም፣ አልለመንኩበትም። የኢትዮጵያ ዘመን 13 ወር እንዳለው፣ አዲሱ ዓመት ሴፕቴምበር 11 እንደሚገባ ጻፍኩ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ባለው ጊዜ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከታኅሣሥ 23 በኋላ 8 ዓመት እንደሆነ አስረዳሁ። (ጳጉሜ 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት አንድ ቀን ይሸሻል። የእኔ ዓመት አልነበረም፤ የእናንተ ከሆነ ግን ልብ በሉት።) ከሥር ሁለት ዓምድ ያለው ትንሽ ሰንጠረዥ ሠራሁ። በግራ የወረቀቱ ስም፣ በቀኝ በላዩ ላይ ያለው የልደት ቀንና የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ። የቀበሌው ወረቀት፣ የድሮው ፓስፖርት፣ የስዊድኑ ፓስፖርት። የልደት ወረቀቱን እንደገና አስተረጎምኩ። በዚህኛው ላይ ሁለቱም ቀኖች ጎን ለጎን፣ አቆጣጠራቸው በቃል ተጽፎ። ከስዊድን የግብር መሥሪያ ቤትም የሕዝብ መዝገብ ማስረጃዬን በእንግሊዝኛ አወጣሁ፤ እዚያ የልደት ቀኔ ስገባ ጀምሮ አንድ ነው። እማዬም ልጇ መሆኔንና የተወለድኩበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋ ፈረመች።

ከዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ከአገር ቤት ያመጣችሁትን እያንዳንዱን ትርጉም ከመጫናችሁ በፊት በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡት። ማህተም ስላለው ትክክል ነው አትበሉ። ብዙዎቻችን ደግሞ የባሰ አለብን፤ ወላጆቻችን በችኮላ ሲያስመዘግቡን ሁሉም ላይ ስምንት ዓመት ደምረው፣ ወይም ቀኑን ስለማያስታውሱ ጃንዋሪ 1 ብለው ያስጻፉልን ነን። እንዲህ ከሆነ ለቪዛው ብላችሁ አታስተካክሉት። ሁሉም ፓስፖርታችሁ ያለውን ይከተል፤ የማይከተለው ወረቀት ካለ ለምን እንደሆነ ቀድማችሁ ጻፉ። እኔ የደነገጥኩት ጥያቄው ከእነሱ ስለመጣ ነው። ቀድሜ ብጽፈው ኖሮ ጥያቄም ባልሆነ።

የፖሊሱ ማስረጃ ሌላ መንገድ ነው። ደንቡ ከ16 ዓመታችሁ ወዲህ፣ ባለፉት አሥር ዓመታት 12 ወርና ከዚያ በላይ የኖራችሁበትን አገር ሁሉ ይመለከታል። እኔ ኢትዮጵያን የለቀቅኩት በ17 ዓመቴ ስለሆነ ቆጥሬ ሳየው 16 ወር ገደማ ገባሁበት። የስዊድኑ ቀላል ነው፤ ለፖሊስ አመልክቼ በፖስታ መጣ። ለኢትዮጵያው ግን አሻራ ያስፈልጋል፣ እዚያ የሚያስፈጽም ወኪልም ያስፈልጋል። አሥሩንም ጣቶቼን ቀለም ነክሬ፣ አንድ በአንድ ወረቀቱ ላይ ስጫን ትንሿ ጣቴ ሦስት ጊዜ ተበላሸችብኝ። እጄን ስታጠብም ቀለሙ ከጥፍሬ ሥር ለሁለት ቀን አልለቀቀም። ለአክስቴ ውክልና ጻፍኩ። ውክልናው በኤምባሲ ማህተም ተደርጎበት፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ነው የሚሠራው። ሁሉንም በአንድ ፖስታ በዲኤችኤል ላክሁ።

አክስቴ ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል። በየቀኑ ስትደውል «የኔ ልጅ፣ ዛሬ ደግሞ ፎቶ ኮፒ አንሺ ብለውኛል» ትለኛለች። ስሜን እንዴት እንደምታስጽፍ በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ፣ ፊደል በፊደል ላክሁላት። የድሮውን ስሜን ሙሉውን፣ በስዊድኑ ፓስፖርት ላይ ያለውንም አብራ እንድታሳይ። ወኪል የምትልኩ ሁሉ ይህን አድርጉ፤ ካልሆነ ማስረጃው በሌላ ሰው ስም ይመጣባችኋል።

28 ቀኑ አለቀ፤ ማስረጃው አልመጣም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ዝም ይላል። ዝም አትበሉ። ቀኑ ከማለቁ ከአምስት ቀን በፊት የዲኤችኤሉን ደረሰኝ፣ የውክልናውን ቅጂ፣ አክስቴ ማመልከቻውን ስታስገባ የተሰጣትን ወረቀት አንድ ላይ ጫንኩ። «ሥራው ተጀምሯል፣ እየጠበቅኩ ነው፣ ተጨማሪ ጊዜ እጠይቃለሁ» የሚል አጭር ጽሑፍ አከልኩ። ማስረጃው እጄ የገባው በግንቦት አጋማሽ ነው። በዚያው ቀን ጫንኩት።

ቪዛው ሰኔ መጀመሪያ ላይ መጣ። እንደገና በሌሊት። ፓስፖርት ላይ የሚለጠፍ ነገር የለውም፤ ኢሜይል ነው፣ ከፓስፖርት ቁጥር ጋር በኮምፒውተር የተያያዘ ነው። ስለዚህ «ቪዛሽ ታትሞ መጥቷል፣ ለመረከቢያ ክፈይ» የሚላችሁ ሰው ካለ ያው ደላላው ነው። ቪዛው መኖሩን ቬቮ በሚባለው የመንግሥት ገጽ ላይ ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ለመግባት አንድ ዓመት አላችሁ፤ የቆይታው ዓመት መቆጠር የሚጀምረው ስትገቡ ነው።

የገባሁት በመስከረም፣ ሜልቦርን ነው። ፉትስክሬይ የሚባለው ሰፈር እንጀራ የማታጡበት ቦታ ነው፤ የመጀመሪያ ሳምንቴን እዚያ ነው ያሳለፍኩት። ስለ ኑሮው ብዙ ማውራት ይቻላል፤ ከማመልከቻው ጋር የሚያያዘውን ብቻ ልንገራችሁ። ለአንድ ቀጣሪ በጠቅላላው ከስድስት ወር በላይ መሥራት አይቻልም፣ ፈቃድ ካልተሰጠ ወይም ሥራው ደንቡ ነፃ ካደረጋቸው ካልሆነ በቀር። የግብር ቁጥር በነፃ ይወጣል፤ አውጣላችሁ የሚል ቢመጣ አትክፈሉ። በዓመት እስከ 45,000 የአውስትራሊያ ዶላር ድረስ 15 በመቶ ግብር ይቆረጣል። ቀጣሪ የሚያስቀምጥላችሁን ጡረታ ስትወጡ መውሰድ ይቻላል፤ ግን 65 በመቶው ለግብር ይሄዳል፣ ስለዚህ በእሱ ላይ ዕቅድ አታውጡ። ስዊድን ከአውስትራሊያ ጋር የሕክምና ስምምነት ስላላት ሜዲኬር የሚባለውን የመንግሥት የሕክምና ሽፋን አወጣሁ። የእናንተ አገር ስምምነት ከሌለው ኢንሹራንስ ግዙ።

ሁለተኛ ዓመት የሚፈልግ ሰው በተወሰኑ የገጠር አካባቢዎች 88 ቀን የተፈቀደ ሥራ መሥራት አለበት። የእንግሊዝ ዜጎች ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ይህ ቀርቶላቸዋል። እኔ ሚልዱራ በምትባል ከተማ አጠገብ ወይን ለቀምኩ። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያልፋል። የመጀመሪያው አሠሪዬ በሰዓት ሳይሆን በሞላሁት ሣጥን ቁጥር ብቻ ሊከፍለኝ ፈለገ፤ የሰዓቱን ዝቅተኛ ክፍያ እንኳ አይሞላም ነበር። ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ በሣጥን የሚለቅም ሠራተኛም የሰዓቱ ዝቅተኛ ክፍያ የተጠበቀለት መሆኑን አላውቅም ነበር። አብራኝ የምትሠራ የኮሪያ ልጅ ነገረችኝና በሁለተኛው ሳምንት ሌላ እርሻ ገባሁ። የደመወዝ ወረቀት የማይሰጥ ቦታ አትቆዩ። ያለ እሱ የሠራችሁትን ቀን ማሳየት ይቸግራችኋል።

ሁለተኛውን ማመልከቻ ሜልቦርን ሆኜ ሞላሁት። አክስቴ ያስላከችው ማስረጃ፣ የራጁ ቁጥር፣ የደመወዝ ወረቀቶቹ ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ነበሩ። «በሌላ ስም ታውቀሽ ታውቂያለሽ?» ሲል ሦስቱንም ስሞች ጻፍኩ። ያቺን ባለ ሁለት ዓምድ ገጽም ማንም ሳይጠይቀኝ ከሁሉ ፊት አያያዝኳት። በዚህኛው ጊዜ ስለ ልደቴ የጻፈልኝ አልነበረም።